የንግሥቲቱ ዱልዱም መርፌ

ጥቅምት 4

ለምንዬ፣

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። ይኼን ፖስታ በምን ሙጫ ነው የምትለጥፊው? የጫማ ሶል የሚይዘው ሙጫ እንኳ እንዲህ አይጨክንም። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በቢላ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ ቀለበት የምቆርጥበትን መጋዝ አንስቼ ገዘገዝኩት። መጋዝ ደግሞ ዓይን የለውም፤ የደብዳቤሽን የመጀመሪያ መስመሮች ይዞ ሄደ። ስለዚህ ሰላም ትበይኝ አትበይኝ አላውቅም። ብለሽኝ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ካላልሽኝም ደህና ነኝ፣ ግን ተቀይሜያለሁ።

እናትሽም ደህና ናት። ደብዳቤውን ለምን በራሷ እጅ አትጽፍም ላልሽው፣ ጸሐፊ ቀጥራለች። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደሞዜ ቁጣ ነው፣ አንድ ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም። አሁንም ከጀርባዬ ቆማ «ምን እያልክ ነው? አንብብልኝ» ትለኛለች። «ናፍቀሻታል ብያለሁ» አልኳት። «ውሸታም፣ እሱን ለመጻፍ ይኼን ያህል ቀለም አይፈጅም» አለችኝ። መናፈቋን ግን አልካደችም። ስልክ ለምን አታስገቡም ላልሽው ደግሞ፣ ስልክ ላይ ሰው ሲዋሽ ድምፁ ያሳብቅበታል። ወረቀት ነው ምስጢር የሚያውቅ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። የላክሽውን፣ በሙዚየማችሁ የቆመውን የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ ፎቶ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ዕድሜውን የሰው ቀለበት ሲያጠብና የጆሮ ጌጥ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ የነገሥታት ጌጥ በፎቶ እንኳ ደጁ ይመጣል ብሎ አያስብም። መካከል ላይ ያለው አልማዝ ሽንብራ ያህላል። ትናንሾቹ ዙሪያውን እንደ ፀሐይ ጨረር ተበትነዋል። ሽማግሌው ንጉሥ ለምራታቸው የሠርግ ስጦታ አድርገው እንደሰጡት፣ ምራቲቱ ንግሥት ከሆኑ በኋላ ከደረታቸው እንዳልተለየ፣ ዙፋኑም ቤቱም ሄዶ ሌላው ጌጥ ሁሉ ሲሸጥ እሱ ብቻ ከልጃቸው እጅ እንደቀረ የጻፍሽልኝን ሁሉ አነበብኩ። ሽንኩርትም እንዲህ አያስለቅስ።

አንቺ ግን ከልጅነትሽ «ለምን» ማለት አያልቅብሽም፤ ስምሽም ከዚያው ነው የወጣው። ሰው ሁሉ በአልማዙ ዓይኑ ሲፈዝ አንቺ ጌጡን ገልብጠሽ ከጀርባው ያለችውን መርፌ አየሽ። ሁሉ ነገሩ ወርቅና ብር ሆኖ እሷ ለምን ተራ ብረት ሆነች? ለምን ወፈረች? ጫፏስ ለምን ደነዘ? የማይወጋ መርፌ በልብስ ላይ እንዴት ይቆማል?

ይኼን የማያውቅ ወርቅ ሠሪ አለ እንዴ?

ንግሥቲቱ ምክር ቤት ሲቀመጡ ሹማምንቱ ከግራና ከቀኝ ይደረደራሉ። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ነው። ሹም ደግሞ ከምሳ በኋላ ያው ሰው ነው፤ ያንቀላፋል። ንግሥቲቱ አይቆጡም፣ አይናገሩም። ፈገግ እንዳሉ ጌጣቸውን ከደረታቸው ፈታ ያደርጉና ወደ ጎን ጠጋ ብለው ጭኑን ጠቅ። ሹሙ ብድግ ብሎ «እደግፋለሁ» ይላል። ብዙ ሕግ የጸደቀው እንደዚህ ነው።

ታዲያ የወርቅ መርፌ ሥራ አይችልም፤ ጠመመች፣ ተሰበረች። ሌላ ተሠራ፣ እሷም ተሰበረች። በመጨረሻ ወርቅ ሠሪው «እመቤቴ፣ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ብረት ነው የሚበጀው» ብሎ ወፍራም ብረት ገጠመላቸው። ያን ጊዜ ሹማምንቱ ተሰብስበው አቤት አሉ። በዘመናቸው በአንድ ቃል የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል። ንግሥቲቱም ርኅሩኅ ነበሩና የመርፌዋ ጫፍ በሞረድ ይደንዝ ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ትቀሰቅሳለች እንጂ አታደማም።

ይኼን ከአሮጌ ወርቅ ሠሪዎች ነው የሰማሁት። ጻፊው። እናትሽ «ሹራብ ደርቢ በላት» ብላለች።

ጋሼሽ

*

ኅዳር 2

ውድ ጋሼ፣

ይህን ፖስታ በምራቄ ብቻ ነው የለጠፍኩት። መንገድ ላይ ተከፍቶ ከደረሰህ ክሱን ለፖስታ ቤት አቅርብ። ሰላምታዬንም መጋዝ እንዳያገኘው ከመስመሩ መካከል አስገብቼዋለሁ፦ እንደምን አለህ? እናቴስ እንደምን አለች?

ታሪክህን ጻፍኩት። ኃላፊያችን ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጥርስ እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው። «ይህ ከአልማዙ ይበልጣል» ብሎ በትልልቅ ፊደል አሳትሞ ከመስተዋት ሣጥኑ ጎን ሰቀለው። ከጌጡ ጀርባ መስታወት አቆምን፣ ሰው መርፌዋን እንዲያይ። አሁን ጎብኚው የሚሰለፈው በዚያ በኩል ነው። አልማዙን አንድ ጊዜ ያዩትና ዞረው ወደ መርፌዋ ይሄዳሉ። ሕጻናት ሳይቀሩ ጎን ለጎን እየተጎነታተሉ «እደግፋለሁ» ይባባላሉ።

ከጽሑፉ ግርጌ «ከወርቅ ሠሪዎች የተገኘ የቃል ታሪክ» ብዬ ያንተን ስም አስገባሁ። የቤታችን ስም በሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ጠዋት ስገባ ማንም ሳያየኝ በእጄ ዳሰስኩት።

አንድ ነገር ብቻ። ለመዝገባችን እንዲሆን፣ የነገረህ ሰው ማን ነበር? እርግጠኛ ነህ አይደል? ስጠይቅህ እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ፤ «ለምንዬ» ብለህ ያወጣህልኝ አንተ ነህ።

ለእናቴ ከዚህ ጋር ብዕር ልኬያለሁ። ጥሩ ብዕር ነው፤ ሳይጫኑት ይጽፋል። ሁለት መስመር በገዛ እጇ ትጻፍልኝ። የፊደሏ ቅርጽ ናፍቆኛል፣ በተለይ «መ» ስትጽፍ ሁለቱን ሆዶች እንደ ድንች የምታደርጋቸው።

የእህትህ ልጅ

*

ኅዳር 20

ለምንዬ፣

ፖስታሽ እንደ በር ተከፍቶ ነው የደረሰው። ፖስተኛው ሲያቀብለኝ «የእህትዎ ልጅ ደህና ነች፤ ብዕርም ልካለች፤ አጻጻፏ ግን እያጠረ ነው» አለኝ። ከሙጫሽና ከምራቅሽ መካከል አንድ ነገር ፈልጊልን።

የነገረኝ ሰው ማን እንደሆነ ላልሽው፣ ሞቷል። ደግ ሰው ነበር። እኛ በሥራ ስሙ ነበር የምንጠራው፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ማን እንደነበር አልጠየቅንም። መዝገብሽ ላይ «ሟች» ብለሽ ጻፊው፤ ሟች ደግሞ አይከራከርም።

ይልቅ ወሬውን ስሚኝ። ሬዲዮ ላይ ወጣሁ። አንዲት ጋዜጠኛ ሙዚየማችሁን ጎብኝታ ስሜን አይታ ሱቄ ድረስ መጣች። ማይክራፎኑን ከጉጠቴና ከሞረዴ መካከል አስቀመጠችው። ስሚ እንጂ፣ ሰው ከፊቱ ማይክራፎን ሲቆም አንደበቱ እንዴት እንደሚፈታ አታውቂም። ሹማምንቱ አቤት ከማለታቸው በፊት አንደኛው ከሱሪው ውስጥ ቆርቆሮ አስገብቶ ይመጣ እንደነበር ነገርኳት። ንግሥቲቱ ሲወጉት «ቃ» የሚል ድምፅ ተሰማና ምክር ቤቱ ሁሉ ነቃ። ይኼኛው አንቺ ጋ የለም፣ አዲስ ነው። ጋዜጠኛዋ ስትስቅ እንባዋ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የማይለኝ የለም። ዳቦ ሻጯ ሳትቀር የተጠበሰውን ከላይ አንስታ ትሰጠኛለች። ድሮ ከሥር የቀረውን ነበር የምትሰጠኝ።

እትዬ እናትሽ ግን ፕሮግራሙን ሰምታ ሬዲዮውን ዘጋችው። «ይኼን ማን ነገረህ?» አለችኝ። «ሟች» አልኳት። «ሟች ብዙ ያወራል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ብዕሩን ከትራሷ ሥር አስቀምጣዋለች። ውድ ነገር ዝም ብሎ አይነካም ትላለች። አንድ ቀን ክዳኑን ከፍታ ትንሽ አየችውና መልሳ ዘጋችው። ሥራም በዝቶባታል። እስከዚያው የምትለውን እኔ እጽፋለሁ፦ «ብዕሩ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ፣ ምግብ እንዳትተዪ።»

ጋሼሽ፣ የሬዲዮው ሰው

*

ታኅሣሥ 11

ጋሼ፣

እንደምን አለህ። እናቴን ሰላም በልልኝ።

ማክሰኞ ዕለት ልዕልቲቱ መጡ። የንግሥቲቱ ልጅ፣ ጌጡን ያዋሱን እሳቸው ናቸው። አስቀድመው አልነገሩንም፤ እንደማንኛውም ሰው ቲኬት ቆርጠው ተሰልፈው ነበር። ከፊታቸው የቆሙ ባልና ሚስት ጽሑፉን ጮክ ብለው እያነበቡ ይስቁ ነበር። ሚስትየዋ ባሏን በጣቷ ጎኑን ጠቅ አደረገችው። እሳቸው ከኋላ ቆመው ተራቸውን ጠበቁ። ከዚያ ቀረብ ብለው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። በመስታወቱ ውስጥ መርፌዋን ትንሽ ተመለከቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«እናቴ ሰው ወግተው አያውቁም» አሉኝ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ሮጦ መጥቶ ቢሮው አስገባቸው። ሻይ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም። ጓንታቸውን አላወለቁም። ጌጡን እንፈልገዋለን ብለው ስለጠየቁ የመመለሻውን ወረቀት አቀረበላቸው። «እዚህ ጋ ይፈርሙልን» ሲላቸው ግን እጃቸውን ከቦርሳቸው ሳያወጡ «ቤት ወስጄ እፈርማለሁ» አሉ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳቸው ውስጥ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ።

እስከ ደጅ ሸኘኋቸው። ደረጃው ላይ ቆም ብለው የመርፌዋን ነገር ነገሩኝ። ለማንም እንዳልናገር፣ የትም እንዳልጽፍ ቃል አስገቡኝ። ስለዚህ ለአንተም አልጽፍልህም። እኔ የምልህ፣ ከሰማሁ ወዲህ ያንን ጽሑፍ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ጌጡ ከሄደ ኤግዚቢሽኑ ይዘጋል። ኃላፊያችን ማስረጃ አምጪ ብሎኛል፤ ካላመጣሁ እዚህ ክፍል አልቆይም። እሱ አይደለም ያሳፈረኝ። ያሳፈረኝ፣ እሳቸው ደረጃውን ሲወርዱ ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ «ተዪው ልጄ» ብለው ፈቀቅ ማለታቸው ነው።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የነገረህ ሰው ማን ነው?

የእህትህ ልጅ

*

ታኅሣሥ 18

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል። ይኼን ደብዳቤ በቀልድ ጀምሬ ቀደድኩት። ስለ ሙጫ ነበር።

የነገረኝ ሰው የለም። የሞተ ሰውም የለም። ደግ ሰው ነበር ያልኩት ራሴን ነው፤ እሱም ውሸት ሆነ።

ፎቶውን ባየሁ ጊዜ መርፌዋ ለምን እንደዚያ እንደሆነች አላወቅኩም። አገላበጥኩ፣ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አምስት ፊደል ናት። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እኔ ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ወርቅ መሥራት የተማርኩት የሰው ቀለበት አበላሽቼ፣ ተሰድቤ፣ መልሼ ሠርቼ ነው። አንቺ ስታድጊ የምትጠይቂኝ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች፣ ድመት ለምን ጢም አላት። የማላውቀውን እየፈጠርኩ እመልስ ነበር፣ አንቺም ትስቂ ነበር። ከዚያ ተማርሽ፣ ሄድሽ፣ መጠየቅ ተውሽ። ይኼ የጌጡ ደብዳቤሽ ሲመጣ በሥራዬ ጠየቅሽኝ። አላውቅም ብላት ነገ ሌላ ሰው ትጠይቃለች አልኩ። በእርጅናዬ የፈራሁት ይኼን ብቻ ነው። ቀልዱን አንቺ እንደ ድሮው ስቀሽ የምታልፊው መስሎኝ ነበር ልልሽም ፈልጌ ነበር። ግን «ጻፊው» ብዬሻለሁ። ከደብዳቤዬ ግርጌ አለ።

ከዚህ ጋር ለኃላፊሽ አንድ ወረቀት አለ። ሁሉንም እኔ እንደፈጠርኩት፣ አንቺ እኔን ከማመን በቀር ጥፋት እንደሌለብሽ ጽፌበታለሁ። አድራሻዬም አለበት፤ ከፈለገ መጥቶ ይክሰሰኝ።

ሬዲዮ ላይ ወጥተህ አርመው ግን አትበይኝ። እባክሽ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ በፈገግታ ነው የሚያየኝ። ነገ ዳቦ ሻጯ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ሰው ይረሳዋል። ሬዲዮ አየር ነው፣ ይበተናል።

ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። የመርፌዋን እውነት ንገሪኝ። ለማንም አልናገርም። ይኼን የሚልሽ ማን እንደሆነ ሳስበው ግን እኔም ራሴ አልነግረውም ነበር።

ጋሼሽ

*

ጥር 3

ጋሼ፣

ወረቀትህን ለኃላፊያችን ሰጠሁት። አንብቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጽሑፉን ከግድግዳው አነሳሁት። ምስማሮቹ የነበሩበት ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። ልዕልቲቱ ያን ዕለት ደረጃው ላይ በፋንታው ሌላ ነገር እንዳይሰቀል ለምነውኛልና ባዶውን ትቼዋለሁ።

ሬዲዮ አየር ነው ብለሃል። ትናንት አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ «የምትወጋዋ ንግሥት የታለች? በሬዲዮ ሰምተን ከሩቅ ነው የመጣነው» አለኝ። ከግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን እኔ ማውረድ እችላለሁ። ከአንተ አፍ የወጣውን ግን እኔ ማውረድ አልችልም። እሳቸውም ቤታቸው ሬዲዮ አላቸው። የቆርቆሮውን ሰምተዋል።

የመመለሻው ወረቀት እስካሁን ተፈርሞ አልመጣም። በየጠዋቱ ፖስታ ሲገባ ኃላፊያችን ያየኛል፣ እኔ መሬት አያለሁ።

እውነቱን ንገሪኝ ላልከው፣ አልነግርህም። ቃል ነው።

እኔም የምጠይቅህ አለኝ። ልዕልቲቱ ያንን ከነገሩኝ ጀምሮ ሌት ተቀን የማስበው እናቴን ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። እናቴ ብዕሩን ከትራስ ሥር ያስቀመጠችው ውድ ስለሆነ ነው? ሰው ሁለት መስመር መጻፍ የሚያቅተው ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ጋሼ፣ ስለ ንግሥቲቱ ዋሽተኸኛል። ስለ እናቴ ግን አትዋሸኝ።

የእህትህ ልጅ

*

ጥር 16

ለምንዬ፣

በዚህ ስም ልጥራሽ፤ ካልፈቀድሽ ሰርዘሽ አንብቢው።

እሑድ ዕለት እትዬ ልትወጣ ሻሏን ደርባ መጣች። እንደ ወትሮዋ አገጯን ቀና አድርጋ ከፊቴ ቆመች፣ «ና ቆልፍልኝ» አለች። መርፌ ቁልፉን አንስቼ በጨርቁ ውስጥ ሳሳልፍ አልገባ አለኝ። ገፋሁት። ጫፉን ወደ ብርሃን አዞርኩና አየሁት። በሞረድ የደነዘ ነው። ክብ ሆኗል። ያደነዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ረስቼው ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? አንድ ቀን ብቻዋን ልትቆልፈው ስትታገል አንገቷን ወጋት፤ ደሙ ሻሏ ላይ ነጠበ። እሷ ስታጥበው እኔ ምንም ሳልናገር መርፌ ቁልፉን ወስጄ፣ ጫፉን በሞረድ ክብ አድርጌ፣ ከነበረበት መለስኩት። ከዚያ ወዲህ እኔ እቆልፍላታለሁ፤ አንድም ቀን ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም።

እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ለምንዬ። ከቆየ ቆይቷል። እየባሰም ነው። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ «ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች» ትል ነበር መጀመሪያ፣ ቀጥሎ «ሥራዋን ጥላ ትመጣለች»። ሾርባ ስትጠጣ እኔ ወደ መስኮት አያለሁ፣ ውጪ የሚታይ ነገር እንዳለ ሁሉ። እንግዳ ሲመጣ እጇን ከሹራቧ ኪስ አታወጣም፤ ሰው ኩራተኛ ይላታል። ይበሏት ትላለች። ጸሐፊ ቀጥራለች ብዬ ስቀልድብሽ ከጀርባዬ ቆማ የነበረችው ይቺ ናት።

መርፌ ቁልፉን ይዤ እንደቆምኩ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ያልወለቀው ጓንት። ያልተነካው ሻይ። ያልተፈረመው ወረቀት። በወርቁ ጀርባ የተገጠመው ወፍራም ብረት፣ የደነዘው ጫፏ። ያቺ መርፌ በሚንቀጠቀጥ እጅ የገዛ ባለቤቷን ስትወጋ እንደኖረች አሁን ገባኝ። እኔ ደግሞ በሬዲዮ ወጥቼ በሰው ጭን ላይ ተከልኳት።

አንቺ ቃልሽን አላፈረስሽም። ልክ ነኝ ወይ ብዬም አልጠይቅሽም፤ እንዳትመልሺልኝ። በንግሥት ቤት የተደበቀው በእኔ ቤት ተደብቆ ሳለ ነው ፎቶውን በአጉሊ መነጽር ሳይ የዋልኩት።

ሰኞ ጋዜጠኛዋ ጋ ሄድኩ። «ሌላ ታሪክ አመጡልኝ?» አለች ደስ ብሏት። «ያንን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኳት። ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሁሉን እኔ እንደፈጠርኩት፣ ንግሥቲቱ ሰው ወግተው እንደማያውቁ፣ ልጃቸውን ይቅርታ እንደምጠይቅ ተናገርኩ። ያን ዕለት እንደ ውኃ የወረደው አንደበት የት እንደገባ እንጃ።

«ታዲያ መርፌዋ የደነዘችበት እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ወርቅ ሠሪ አይደሉ እንዴ? ግምትዎን ይንገሩን እንጂ።»

«አላውቅም።»

«ምንም?»

«ልጄ፣ አላውቅም አልኩሽ።»

ሳላውቅ ነበር አውቃለሁ ያልኩት። አሁን እያወቅኩ አላውቅም አልኩ። ከሁለቱ ውሸት በዚህኛው እንድጠየቅ ነው የምመኘው።

ሰው ስም ለማውጣት አይሰንፍም። «አቶ አላውቅም» ሆኛለሁ። ሰዓት ስንት ነው ብለው ይጠይቁኝና ከእኔ በፊት ራሳቸው «አላውቅም» ብለው ይመልሳሉ። ፖስተኛው ደብዳቤ ሲያመጣ «የእርስዎ መሆኑን ያውቃሉ?» ይለኛል። ከሥር የቀረው ዳቦ ተመልሶልኛል። ሲያስፈራኝ የነበረው ይኼ ብቻ ከሆነ፣ ሰው በዚህ አይሞትም። አንዳንዱ ግን ቀለበቱን ይዞ ሌላ ሱቅ ሲገባ አየዋለሁ፤ እሱ ያማል። ይገባኛል ደግሞ፤ በንግሥት ላይ የዋሸ በወርቅ ላይ አይዋሽም ብሎ ማን ያምናል።

እትዬ ሬዲዮውን ሰምታ አልዘጋችውም። እራት ላይ ወደ መስኮት አላየሁም። እሷንም፣ እጇንም አየሁ። «ለልጅሽ ልንገራት?» አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ገብታ ብዕሩን ይዛ መጣች። ክዳኑን እኔ ከፈትኩላት፣ ወረቀቱን እኔ ያዝኩላት። ቆየን። አንድ ጊዜ ብዕሩ አመለጣት፣ አንስቼ ሰጠኋት። «አትየኝ» አለች። ኋላ ደግሞ «እሺ እየኝ» አለች።

ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፎ አለ። ሁለት ቃል ናት፦ «ናፍቀሽኛል ለምንዬ»። ሁለቱ የድንች ሆዶች ከስምሽ ላይ ናቸው፤ «መ» ባትሆንም «ም» አለች። ትንሽ ተንከባልለዋል እንጂ ድንችነታቸውን አልተዉም። ፖስታውን በዚያ በድሮው ሙጫሽ ዓይነት እለጥፈዋለሁ፤ ይኼን ፖስተኛው አያነብም። አንቺም በመጋዝ እንዳትነኪው። በውኃ አርጥበሽ፣ ታግሰሽ ክፈቺው።

የአንቺን ነገር ግን አላውቅም፣ አሁን የምሬን ነው። ኃላፊሽ ምን እንዳለ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ መጥቶ እንደሆነ፣ ስሜን ከግድግዳ ላይ ስትነቅዪ ምን እንዳልሽ። ልጠይቅሽ አፍሬ ነው እስከዚህ ድረስ…

በሩ ተንኳኳ። ዛሬ ቀጠሮ የለኝም። ደንበኛም ከመጣ ሰንብቷል።

የዳቦ ሻጯ ድምፅ ነው፦ «የአቶ አላውቅም ቤት ይኸውልዎት፣ እመቤቴ።» እሷ ደግሞ እመቤቴ የምትለው ሰው የላትም።

እትዬ ልትከፍት ሄዳለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ከሥራ ጠረጴዛዬ አልተነሳሁም። በስንጥቁ አያለሁ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ናቸው። ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ጓንት። ክንዳቸው ላይ ቦርሳ አለ፤ ከቦርሳው የተጣጠፈ ወረቀት ጫፉ ወጥቷል፣ የሙዚየማችሁ ማኅተም አለበት።

ሰላምታ ጀምረዋል። እንደምን ዋሉ፣ እንደምን ዋልሽ፣ ቤቱ ደህና ነው፣ መንገዱ እንዴት ነበር። የሁለት አሮጊቶች ሰላምታ ቶሎ አያልቅምና እስኪያልቅ ልጻፍልሽ።

«ሰውየው አሉ?» አሉ።

«አሉ። አፍረው ተደብቀው ነው» አለች እናትሽ። ሰው አሳልፎ መስጠት ታውቅበታለች።

«ይፈሩ፣ ይገባቸዋል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወረቀቱን አልፈረምኩትም በያቸው። ጌጡ እዚያው ልጅቷ ጋ ይቆያል። ይህንን ራሴ በአፌ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት። በሬዲዮ ያሉትን ሰማሁ፤ እንደሚያውቁ ከአነጋገራቸው ገብቶኛል።»

እናትሽ ግቡ አላለቻቸውም። ዓይኗ ጓንታቸው ላይ ነው። እሳቸውም የሹራቧን ኪስ እያዩ ነው። አሁን ጓንቱን በጥርሳቸው ይዘው እያወለቁ ነው፣ ለምንዬ። እጃቸውን ዘረጉ። እናትሽ ለእንግዳ ሰጥታ የማታውቀውን እጇን ከኪሷ አወጣች።

ተጨባበጡ። ከዚህ ሆኜ የሚንቀጠቀጠው የማን እጅ እንደሆነ መለየት አልችልም። እየጠሩኝ ነው፣ ልነሳ